ጣሪያዋን ያጣች ፔዦ

ሱፊያን የጋሽ ዲበኩሉን ፔዦ ጣሪያ ሲቆርጥ፣ መኪናዋ ከመሀሏ እንደምትሰምጥ ያውቅ ነበር? ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስበው መልስ አላገኘሁለትም። ያውቅ ከነበረ እኔ ነፃ ነኝ። ካላወቀ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያንን ጥፋት ደግሞ እሱ ራሱ ተሸክሞልኛል። ስለዚህ ስለ እሱ ስጽፍ ለራሴ የሚመቸኝን ብቻ እንዳልጽፍ እየፈራሁ ነው።

ሱፊያን መቱ የመጣው በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከስልጤ ያመጣው አጎቱ ነበር፤ ጨርቅ ቤቱ ውስጥ እንዲረዳው። ልጁ ግን ጨርቅ ሲለካ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር እጁ ይስታል፤ ደንበኛው አንድ ስንዝር ተርፎት ይሄዳል። አጎቱ ዓመት ታግሦ፣ "ይኸ ልጅ ሱቄን በስንዝር በስንዝር ሊጨርሰው ነው" አለና ወስዶ ለኦቦ ዳዲ ሰጠው። ኦቦ ዳዲ የተጋጨ መኪና በመዶሻና በእሳት ወደ መልኩ የሚመልሱ የላሜራ ሠራተኛ ናቸው። ሱፊያን እሳቸው ዘንድ ዐሥር ዓመት ሠርቶ፣ ኡሙልኸይርን አግብቶ፣ የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየሁት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ ፎቶ ኮፒ ቤት በተቀጠርኩ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሱፊያን፣ "አብነት፣ አንተ በለኝ። ጋሼ ስትለኝ ጎማ እንደተነፈሰበት መኪና ዝቅ እላለሁ" አለኝ። ከዚያ ጀምሮ አንተ እለዋለሁ።

መኪና የሚወድ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሱፊያን ግን የሚወደው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። አንደኛው ውስጡ ቤት የሆነ መኪና ነው። እሱን ያየው በዓይኑ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ሸምገል ያሉ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ የሶርን ፏፏቴ ሊያዩ ሲሄዱ የመኪናቸው ባሌስትራ ተሰበረ። ሁለት ቀን ሠራላቸው። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ በሩን ከፍተው ሻይ ሊያጠጡት አስገቡት።

"ከውጭ ስታያት የዳቦ ማመላለሻ ነው የምትመስል" ይለኝ ነበር። "ገባሁ። አልጋ አለ። ምድጃ አለ። ዕቃ ማጠቢያ አለ፤ ውኃው ይወርዳል! ጠረጴዛው ታጥፎ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና፣ እንግዳ ሆኜ ሰው ቤት ነው ያለሁት፣ ቤቱ ግን ጎማ አለው አልኩ በልቤ።"

ሲሄዱ ዐሥራ አንድ መጽሔት ሰጡት። ሁለተኛውን ፍቅር ያገኘው ከእነዚያ መጽሔቶች ነው፤ ጣሪያቸው የሚከፈት፣ ዝቅ ያሉ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ቀለማቸው እንደ ከረሜላ የሚያብረቀርቅ መኪኖች። የጋራዡን ግድግዳ በእነሱ ፎቶ ሸፈነው። የአንዷን መብራት ብቻ ቆርጠህ ብታሳየው ስሟንና የተሠራችበትን ዓመት ይነግርሃል። አንድም ቀን አንዷንም በአካል አላየም።

"መኪና ሁለት ዓይነት ነው" ይላል። "የሚያስተኛህና የሚያሳይህ። የቀረው ሁሉ ታክሲ ነው።"

እንግሊዝኛ ስለማይችል ማታ ማታ መጽሔቱን ይዞ ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። እኔ እያነበብኩ እተረጉምለታለሁ።

"እዚህ ጋ ምን ይላል?"

"ጣሪያው በዐሥራ ስምንት ሴኮንድ ይታጠፋል ይላል።"

"ዐሥራ ስምንት! ኡሙልኸይር! አንቺ ሻርፕሽን ለማጠፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?"

"ያንተን ቱታ ለማጠብ ግማሽ ቀን!" ትለዋለች ከማዶ ሆና። "ይኸው የኛ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ እሱ ጣሪያ ስለሌላት መኪና ያወራል።"

እውነት ለመናገር እነዚህ ምሽቶች ይሰለቹኝ ነበር። የራሴ የማነበው መጽሐፍ አልጋዬ ላይ ገጹ ታጥፎ እየጠበቀኝ፣ እኔ ስለ ሰው መኪና ወንበር ቆዳ እተረጉማለሁ። አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ደረስን። የመኪና ሆድ ከታች ታይቶ ተሥሏል። ሁለት ወፋፍራም መስመሮች ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ይሄዳሉ፤ በመሀል ሌሎች ብረቶች ተጠላልፈዋል። ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አነበብኩ። ጣሪያ የሌለው መኪና ወለሉ በብረት ካልተጠናከረ አካሉ ይታጠፋል የሚል እንደሆነ ገባኝ። የቀረውን ግን ቃላቱ ከበዱኝ።

"ምን ይላል?"

"ስለ ቀለም ነው" አልኩት።

"ቀለም?"

"ዝገት የሚከላከል ቀለም። ምንም የለውም።"

ሥዕሉን ጥቂት አየው። ምን ያህል እንዳየው፣ እንዴት እንዳየው ልብ አላልኩም። ገጹን ገለጠው፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

በዓመቱ፣ በ2011 ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ ጋሽ ዲበኩሉ ፔዧቸውን ይዘው ወደ ጋራዡ መጡ። ከግብርና ቢሮ በጡረታ የወጡ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ፔዦዋን ከሃያ ዓመት በላይ ነድተዋታል። የመቱ ዝናብ ጣሪያዋን በልቶት ሦስት ቦታ ተበስቷል፤ እንዲለጠፍላቸው ነበር የፈለጉት። ልጃቸው ሳያት በጥር ልታገባ ነው፤ ሙሽራው ፋሲል የጎሬ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ አቅም ያለው ሰው ለሰርግ ጣሪያዋ ክፍት የሆነች መኪና ከጅማ ያስመጣ ነበር። ሙሽሮቹ ከነአበባቸው ይታያሉ፤ ቪዲዮ አንሺውም ከፊት ካለው ፒክአፕ ላይ ቆሞ እንደልቡ ይቀርጻል።

ሱፊያን ቀዳዳዎቹን ነካ ነካ አደረገና፣ "ጋሼ፣ ለምን እንለጥፈዋለን? እናንሣው እንጂ" አላቸው።

"ምኑን?"

"ጣሪያውን።"

"ሰውዬ፣ ጤናህን ነው?"

"ፋብሪካው ራሱ ይህችኑ ፔዦ ያለ ጣሪያ ሠርቷታል። ፎቶዋ ይኸው!" ግድግዳውን አሳያቸው። "ሳያት ከጅማ በመጣ የሰው መኪና ከምትሄድ በአባቷ መኪና ትሂድ። ከላይ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ሸራ እሰፋላታለሁ።"

ሳያት አብራቸው መጥታ ነበር። ፎቶዋን አየችና፣ "አባዬ፣ በናትህ!" አለች። አለቀ።

እናቷ እትዬ ዘውደነሽ ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "ዝናብስ?"

"እትዬ፣ ጥር እኮ ነው" አላቸው ሱፊያን። እንዲህ ያለው የመቱ ሰው ሆኖ ነው፤ በጥርም በየካቲትም ዣንጥላ ይዞ የሚወጣ ሰው።

ኦቦ ዳዲ ወሬው ደርሷቸው በከዘራ እየተደገፉ መጡ። መኪናዋን ዞረው አዩና፣ "ማሎ ሱፊያን" አሉት፤ እባክህ ማለታቸው ነው። "ጣሪያ የመኪና ጀርባ ነው። ጀርባው የተቆረጠ በሬ ይቆማል?"

"ኦቦ ዳዲ፣ እርስዎ የሚያውቁት የድሮ መኪና ነው።"

"ይህችስ የዛሬ ናት እንዴ?"

ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሱፊያንም ሳቀ። በማግስቱ መቁረጥ ጀመረ።

እኔ ያ ገጽ ትዝ አለኝ። ልነግረው ከሥራ ወጥቼ ጋራዡ በር ድረስ ሄጃለሁ። ጣሪያው ግማሹ ተቆርጧል፤ የብረት ፍንጣሪ በፊቱ ላይ ይረግፋል፤ እሱ መነጽሩን አድርጎ እንደ ልጅ ያፏጫል። ከነገርኩት ዋሽቼው እንደነበርም መናገር ሊኖርብኝ ነው። "እንዴት ነው?" አልኩት። "አላህ ያውቃል፣ ሰማይ ሊገባባት ነው!" አለኝ። ተመልሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ሠራት። የተቆረጠውን ጠርዝ በየደ፣ ስቱኮ መረገ፣ ነጭ ቀባት። ሸራውን ራሱ ሰፋው፤ ከቀጭን ብረት የሚታጠፍ ቅስት ሠራለት፤ ከፊት መስተዋቱ ጫፍ ጋር የሚያያዝበት ሁለት ማንጠልጠያም አደረገ። ባዶዋን ከተማ ውስጥ ሲነዳት ሰው ከየሱቁ እየወጣ አጨበጨበ። ያን ቀን ሱፊያን እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በሮቿም ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ፀሐይ ነበር። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ዋናው ሚዜ ከፊት፣ ሱፊያን በተዋሰው ኮት መሪው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ባለው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ክላክሱ እየጮኸ ከመቱ ወጥተን የጎሬን መንገድ ያዝን። ጉድጓድ በገቡ ቁጥር የፔዦዋ መሀል ዝቅ ሲል ከኋላ ሆኜ አየሁ። የጓዟ ክብደት ነው አልኩ ለራሴ። ትንሽ ቆይቶ ግን በግልጽ ታየ፤ አፍንጫዋና ጭራዋ ወደ ላይ ቀና፣ ሆዷ ወደ መሬት፣ እንደ ታንኳ።

የጎሬ ዳገት ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። እንደ እኛ አገር ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ። ሱፊያን መኪናዋን አቆመና ሸራውን ጎተተ። ቅስቱ ተዘረጋ፤ ማንጠልጠያው ግን ቦታው ላይ ሊገጥም አልቻለም። መኪናዋ ከመሀሏ ስለታጠፈች መስተዋቱ ወደ ኋላ መጥቷል፤ በልክ የተሰፋው ሸራ ልኩን አጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሳያት ቬሏ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ "ሱፊያን፣ ተወው፤ ወደ ሚኒባሱ ልሂድ" አለችው።

በላይ ዘሎ ወረደና የሳያትን በር ሳበ። አልተከፈተም። በዚያ በኩል ዞሮ ሳበ። አልተከፈተም። የተሰበሰበው ብረት ሁለቱንም በሮች እንደ መንጋጋ ነክሶ ይዟቸዋል። ፋሲልና ሚዜው በላይ ዘለው ወረዱ፤ ሚዜው በሩን በእግሩ መታው። ሱፊያን ክሪክ አምጥቶ ከሆዷ ሥር ሊያስገባ ጭቃው ውስጥ በኮቱ ተንበረከከ።

መንገዱ ዳር ቡና ያሰጡ ሰዎች ቡናቸውን ሸፍነው ሊያዩ መጡ። "ሙሽራዋ ታስራለች!" አለ አንዱ። "ቆርቆሮ መቁረጫ አምጡላት!" አለ ሌላው። በመጨረሻ ሁለት ሚዜዎች ሳያትን በብብቷና በእግሯ ይዘው እንደ ጆንያ በበሩ ላይ አሳልፈው አወጧት። አንድ ጫማዋ ውስጥ ቀረ። አንዲት ሴት የቡናዋን ላስቲክ ገፍፋ አምጥታ አለበሰቻት፤ ቡናው በዝናብ ተመታ። ሙሽራዋ በቡና ላስቲክ ተጠቅልላ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ገባች። ቪዲዮ አንሺው አንዱንም አላመለጠውም። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሱፊያን ከመኪናዋ ጋር መንገድ ላይ ቀረ። ማታ በጭነት መኪና ተጎትታ መጣች።

በማግስቱ ቪዲዮው በከተማው ስልክ ሁሉ ላይ ነበር። ሱቅ ስሄድ፣ ሥራ ስሄድ የማየው እሱን ነው። "ሱፊያን፣ የኔንም ቤት ጣሪያ አንሣልኝ፣ ፀሐይ ልሙቅ!" እያሉ በጋራዡ በር ያልፋሉ። ጋራዡን ዘጋ። ፎቶዎቹን ከግድግዳ ላይ አወረደ፤ አልቀደዳቸውም፣ አንድ ላይ አድርጎ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። ክፍሎቻችንን የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ይሰማኛል። አንደኛውን ሌሊት አልተኛም። ሁለተኛውንም።

በሁለተኛው ምሽት ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መጽሔቱን ይዤ ሄድኩ።

"ሱፊያን፣ ይኸ ገጽ ስለ ቀለም አልነበረም።"

"የቱ?"

በስልኬ መብራት አሳየሁት። ጽሑፉ ምን እንደሚል፣ እኔም ያን ቀን ምን እንዳደረግሁ ነገርኩት። ጣቱን በወፍራሙ መስመር ላይ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አስኬደው፤ ከዚያ በተጠላለፉት ብረቶች ላይ። ጣቱ የት እንደሚታጠፍ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲዳስስ የኖረ ሰው እጅ የትኛውም ሥዕል ላይ እንደዚያ ይሄድ ይሆናል። ፊቱን ማየት ፈልጌ መብራቱን ቀና ሳደርገው በእጁ ከለለው።

"ሂድ ተኛ" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን መልስ ነበር፤ ሙሽሮቹ ወደ ሳያት ወላጆች ቤት ተመልሰው የሚደገስላቸው ቀን። ሱፊያን አልሄድም አለ። ኡሙልኸይር ግን ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነበረች። በእኛ ከተማ ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ይታረዳል፤ የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ ድስቱም ለብቻ ነው፣ የሚሠሩትም የሙስሊም ሴቶች ናቸው። ለሰርጉ ብዙ ሙስሊም ስለተጠራ በሬ ታርዶ ነበር። ለመልስ ከሙስሊም የተጠሩት ሱፊያንና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ከቀትር በኋላ ኡሙልኸይር እጇ ሽንኩርት እየሸተተ በሩን በርግዳ ገባች።

"ተነሥ! እትዬ ዘውደነሽ ሙሉ በግ አሳርደውልሃል። ሙሉ በግ! ብቻዬን ልበላው ነው?"

"አልችልም ኡሙ።"

"የሰው ሴት ልጅ በጭቃ አውርደህ ደግሞ በጉን ታስጥላለህ? ተነሥ፣ ኮትህን አድርግ። አብነት፣ አንተም ተነሥ!"

ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ወሬው ቆመ። ሳያት ናት ያዳነችው፤ "ሱፊያን፣ ና ግባ፣ አትፍራ፣ ይኸኛው በር ይከፈታል!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፊያን ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ለብቻው ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ነበር፤ ለአንድ ሰው የማይሆን ሥጋ በላዩ ላይ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከክርስቲያኑ ድስት ቀረበልኝ።

ጋሽ ዲበኩሉ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

"ሱፊያን፣ ያለፈው አልፏል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እንዲህ እንደምትሆን ታውቅ ነበር፣ ወይስ ሳታውቅ ነው?"

አላውቅም ነበር ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፊታቸው ላይ ይታያል፤ እንዲያ እንዲላቸው ነው የጠየቁት። የሚያነብልኝ ልጅ ዋሽቶኝ ነው ቢልም እውነቱን ነበር። ሱፊያን ወደ እኔ አልዞረም።

"አውቅ ነበር ጋሼ" አለ።

"እያወቅህ ልጄን ጫንክባት?"

"ትችላለች ብዬ ነው።"

አፌ ውስጥ ጉርሻ ነበር። ውጬው መናገር እችል ነበር፤ ጊዜ ነበረኝ። ሌላ ጠቀለልኩና ጎረስኩ። ጣዕሙ እስከዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

ጋሽ ዲበኩሉ ሥጋውን ወደ እሱ አስጠጉለት። "በል ብላ" አሉት። "ላንተ ነው የታረደው።" ተነሥተው ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄዱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዡ በር ላይ አላየኋቸውም። የፔዦዋን ጣሪያ መልሰው የበየዱት ኦቦ ዳዲ ናቸው።

ሱፊያን በላ። እትዬ ዘውደነሽ ቆመው እያዩት፣ እየጨመሩለት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ በላ።

ቤት ስንገባ ገና አልመሸም። ኡሙልኸይር የተረፈውን ሥጋ በሰታቴ ተሸክማ ከኋላችን ነበረች። ግቢው ውስጥ ጠጋ ብዬ፣ "ለምን እንዲያ አልክ?" ልለው ስል ጫማውን አውልቆ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ውኃ ቀዳ። ጠበቅሁት። ሰግዶ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔም ገባሁና መጽሐፍ ይዤ ግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አላነበብኩም። አልጋው አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ኡሙልኸይር፣ "ሱፊያን፣ ዒሻ ሳትሰግድ ልትተኛ?" ስትል ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋቱ መጣ፤ ከባድ፣ ያልተቆራረጠ። ስልኬን አየሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር።